ስሙ ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ

ወንድሜ የተያዘ ዕለት ስልኬ ሲጮህ እጄ የፀጉር ቀለም ውስጥ ነበር። ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሠፈር ባለ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ስልኩን በክርኔ ነክቼ ድምፁን ለቀቅሁትና ደንበኛዬ አናት ላይ እንደቆምኩ «ምን ሆንክ?» አልኩት። «እትዬ፣ ሹርጣ ይዞኛል» አለ። ሹርጣ የሚለው ፖሊስን ነው። «መኪናውን ገጨኸው?» አልኩ፤ ሾፌር ነዋ። ከኋላው አንድ ወንድ በአረብኛ «ተሐሩሽ በላት» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ደንበኛዬ በመስተዋቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ።

ተሐሩሽ ሴትን ያለ ፈቃዷ በእጅም ሆነ በአፍ መድፈር ነው፤ እዚህ አገር ራሱን የቻለ ሕግ አለው፣ እስርም አለው። «ማነው?» አለችኝ ሴትዮዋ። «የአገሬ ልጅ ነው፤ መኪና ገጭቶ» አልኳት። ቀለሟን ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ አንዲት ጠብታ እንኳን አንገቷ ላይ አላንጠባጠብኩም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ መኪና ገጭቶ ነው እያልኩ ኖርኩ። ውሸት ሲደጋገም ሥጋ ያበጃል፤ «የተገጨው ሰውዬ ተሻለው?» ሲሉኝ «እግሩን ነው፣ ኢንሻአላህ ይድናል» እላለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ ወንድሜ የሚሠራበት የመካው ሠፈር፣ ሩሰይፋ ያለ የአገሬ ሰው ሁሉ ነገሩን ከኔ ቀድሞ ሰምቶት ኖሯል፤ እኔ ብቻ ነኝ ለሌለ ሰው እግር ዱዓ የማስደርገው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ቀጥሎ የሠራሁት ሥራ አይገባም። ያኔ ጅዳ ከገባሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስድስቱን ዓመት በሰው ቤት አገልግያለሁ፤ አረብኛን ከማዳሞች ጩኸት ተምሬዋለሁ። ማንበቡን ደግሞ በልጅነቴ ወሎ ቁርአን ቤት ስለቀራሁ ፊደሉ አይጠፋኝም። ይህን ሁለቱን ይዤ በሠፈራችን የታወቅሁ ሰው ሆንኩ። ሐኪም ቤት የምትሄድ ነፍሰ ጡር፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የተበላሸባት፣ ከከፊሏ፣ ካስመጣት አሠሪዋ፣ የተጣላች፣ ሁሉም እኔን ይዞ ነው የሚሄድ። ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ስናገር የአገሬ ሴቶች አፌን ያዩኛል። ያ ነገር ይጥመኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ያንሰኛል። አዝዬ ያሳደግሁት ነው። ቪዛውን ያስወጣሁለት እኔ፣ ሩሰይፋ ካለ ጨዋ ቤተሰብ ዘንድ ሾፌር ያደረግሁት እኔ። ማዳሟን ትምህርት ቤት፣ ልጆቹን ቁርአን፣ ሽማግሌውን ለሶላት ሐረም ያደርሳል። ሰው ሲጠይቀኝ «መካ ነው የሚሠራ፣ ሐረሙ አጠገብ» እላለሁ፤ ሩሰይፋ ከሐረሙ አጠገብ አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በከፊሉ ዋስትና ተለቀቀ። ዋስ የሆነው ያው አሠሪው ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ አስቀምጦኝ፣ ፊቴን ሳያይ፣ ነገሩን ነገረኝ። ቤታቸው የምትሠራ አንዲት የእኛው አገር ልጅ አለች። ልብስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ተከትሏት ወጥቶ ያዛት ብላ ለማዳሟ ተናግራለች፤ ማዳሟም በዚያው ሰዓት ፖሊስ ጠራች። ጣሪያው ላይ ካሜራ የለም፤ ያየም ሰው የለም። «ቤቴ ውስጥ ሴቶች ልጆች አሉ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ጠበቃ ያዢለት። ዛሬውኑ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ደህና ምክር የሰጠኝ እሱ ነበር፤ እኔ ግን ናቅሁት። ጠበቃ መያዝ ማለት ያቺን ቃል ለማላውቀው ሰው በአፌ ማውጣት ነው። ወንድሜ ሴት ይዞ ነው የተከሰሰው ብዬ ማን ፊት ልቁም? ገበና ይሸፈናል እንጂ ገበያ አይወጣም። «እኛ ሽማግሌ አለን» አልኩት ከፊሉን። ትከሻውን ነቀነቀ።

ወንድሜን ወደ ጅዳ ይዤው ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ «እውነት ነው?» አልኩት። አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሁት። ስጠይቀውም መልሱን መርጬ ነው። «ወላሂ እትዬ፣ አልነካኋትም» አለ። «በቃ» አልኩ። በቃ።

ወሎዎች «አፉ በለኝ» የምንለው ይቅር በለኝ ለማለት ነው። ለጥፋት ብቻ አይደለም። ረመዳን ሲገባ፣ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ ሐጅ ሊሄድ ሲነሣ፣ «ባወቅሁትም ባላወቅሁትም አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ» እየተባለ ቤት ለቤት ይዞራል። ያላጠፋው ቀድሞ ይጠይቃል፤ እንዲያውም ያላጠፋ ሰው ቀድሞ ሲጠይቅ ነው ጨዋ የሚባለው። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች «ማን አጠፋ» ብለው ሳይመረምሩ ሁለቱንም አፉ አባብለው ፋቲሐ ይቀራሉ፤ ነገሩም ያበቃል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ተረት ብቻ ነው፤ በተግባር ሥሩን የሚምስ ሽማግሌ አይወደድም። እኔም ያደግሁት በዚህ ነው፤ ሰላም እንዲህ እንደሚሠራ አውቅ ነበር።

ሦስት ሽማግሌ ለመንኩ። ትልቁ መካ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ፂማቸው የነጣ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያለቅስላቸው አባት ናቸው። ልጅቱ ከዚያ ቤት ወጥታ ጅዳ ካራንቲና ሠፈር የአገሯ ሴቶች ዘንድ እንደተጠጋች ሰማንና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሄድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የስድስት ሴት ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሴቶቹ በቀን ሥራ የሚያድሩ ናቸው፤ እኛ ስንገባ አንድ በአንድ እየወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ይሆናታል። ከእኛ ወረዳ ሁለት ወረዳ ማዶ ነው አገሯ። ሻርፕዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ትልቁ አባት ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፤ ስለ አላህ እዝነት ተናገሩ፤ በሰው አገር ወንድምና እህት ሲካሰስ ጠላት እንደሚስቅ ተናገሩ። «የኔ ልጅ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይው» አሉ። ዝም አለች። ሁለተኛው ሽማግሌ ደገሙት። ዝም አለች። ያኔ ትልቁ አባት ምርኩዛቸውን አስቀመጡና ጉልበታቸውን ይዘው መነሣት ጀመሩ፤ እግሯ ላይ ሊወድቁ ነው። እኒያን የሚያህሉ ሽማግሌ እግር ላይ አስወድቆ የሚተርፍ የለም፤ እርግማኑ ሰባት ቤት ይሄዳል ይባላል በእኛ አገር። ልጅቱ ደነገጠች። «አይነሡ አባ! አፉ ብያለሁ! ወላሂ አፉ ብያለሁ!» አለችና አለቀሰች። እኛ ፋቲሐ ቀራን። እኔ በልቤ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን አልኩ።

ወረቀቱን እዚያው ጻፍኩት። ከፀጉር ቤቱ የቀጠሮ ደብተር ንጹሕ ገጽ ገንጥዬ ይዤ ነበር፤ አስቤበታለሁ ማለት ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሐርፉን አሳምሬ፣ በአረብኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እኔ እገሌ እገሊትን በመበደሌ ጥፋቴን አምኜ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ለአላህ ብላ ይቅር ብላኛለች፤ ከእንግዲህ በመካከላችን ክስ የለም። «ጥፋቴን አምኜ» የምትለዋ ስታምር! ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚል አልኩ ለራሴ። ልጅቱ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ።

ማታውን ወንድሜ ፊት አነበብኩለት። እሱ አረብኛው የመንገድና የገበያ ነው። በአማርኛ ስነግረው ተቆጣ። «ምን አጠፋሁና ነው አጥፍቻለሁ የምለው?»

«አፉ በይኝ ማለት ምን ይጎዳሃል? ያላጠፋም ይላል።»

«ይቅርብኝ እትዬ።»

«እኔ አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ አገር ስኖር ምን የማላውቅ መሰለህ? አትም!» አልኩት። አውራ ጣቱን ይዤ ራሴ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ልጅ ሳለ ጥፍሩን ስቆርጥለት እንደማደርገው።

እሑድ ሥራ ሲገባ መካ ኒያባ ሄድን። ኒያባ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ነው። የያዘን ሠራተኛ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህን ማን ጻፈው?» አለ። «እኔ» አልኩ፤ ኩራቴን ምን ልበል። «አሻራው የሱ ነው?» «የሱ ነው።» «በግድ ያስፈረመው ሰው አለ?» «ኧረ! በሽማግሌ ፊት ነው እንጂ» አልኩ። ፎቶ ኮፒ አድርጎ አንዱን ለእኔ ሰጠኝና ወንድሜን «ና ግባ» አለው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ ጠበቅሁ። ዙህር ተሰገደ። ዐስር ተሰገደ። የጽዳት ሠራተኛው መጥቶ እግሬን እንዳነሣለት ጠየቀኝ። ወንድሜ በሌላ በር ወደ እስር ቤት መወሰዱን የነገረኝ እሱ ነው።

ጠበቃ የፈለግሁት ከዚያ ወዲያ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ግን የምለቅመውም አላገኘሁም። ፀጉር ቤታችን የምትመጣ አንዲት ወጣት ጠበቃ አለች፤ ሁልጊዜ ጫፉን ብቻ ነው የምታስቆርጥ። አንድ ቀን ፀጉሯን እየቆረጥኩ፣ ከኋላዋ ሆኜ ፊቷን ስለማላይ፣ ቃሉን አወጣሁት። ተሐሩሽ፣ ወንድሜ፣ አልኩ። አልዞረችም፤ «ነገ ቢሮ ነዪ፣ ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ» ነው ያለችኝ። ፀጉሯን ስላሳመርኩላት ይሁን ስላሳዘንኳት አላውቅም፣ ጉዳዩን በነፃ ያዘችው።

ኮፒውን አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ካሜራ አልነበረም፣ ምስክር አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ የሷ ቃል ብቻ ነበረው። አንቺ የእምነት ቃል ጽፈሽ፣ አሻራ አስደርገሽ፣ በሦስት ምስክር አስፈርመሽ ወስደሽ ሰጠሽው» አለችኝ።

«ይቅር ብላዋለች እኮ!»

«የይቅርታዋ ጥቅም ለራሷ ድርሻ ብቻ ነው» አለችና እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። አንድ ጥፋት ሁለት መብት ይወልዳል፤ አንዱ የተበደለችዋ ነው፣ ሌላው የመንግሥት። ልጅቱ የራሷን ብትተው የመንግሥቱ እንዳለ ይቀራል፤ በዚህ ሕግ ላይ ደግሞ ይህ በግልጽ ተጽፏል። ሽማግሌ አይነካውም። ምርኩዙን አስቀምጦ የሚወድቅበት እግር የለውም።

ቀጥላ የሚመጣውን ነገረችኝ። ሲፈረድበት ይታሰራል። ስሙ ከአሥር ጣቱ አሻራ ጋር ጥፋተኛ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ሳቢቃ ይሉታል። እስሩን ሲጨርስ ከአገር ይባረራል፤ ለሥራ ተመልሶ አይገባም። ፓስፖርት ቢቀይር፣ ስም ቢቀይር፣ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጣቱ ይናገራል። ዳኛው ከፈለገ ደግሞ የፍርዱ ፍሬ ነገር ከነሙሉ ስሙ በእሱ ወጪ ጋዜጣ ላይ እንዲታተም ማዘዝ ይችላል።

«መዝገቡ ይሰረዛል?» አልኳት።

«ለአገሬው ሰው ጊዜው ሲደርስ ማመልከት አለ። ከተባረረ በኋላ ግን ማን ያመለክትለታል?»

«መዝገቡ አገሩ ድረስስ ይከተለዋል?»

«እኔ እስከማውቀው እናንተ አገር የሚያየው የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጠበቃዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ አእምሮዬ ላይ ተጣብቆ የቀረው ጋዜጣው ነው። ሙሉ ስሙ ማለት የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም ነው፤ የእኔም ፓስፖርት ላይ ያለው ያው ነው። አንዱ ፎቶ ያነሣዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ወሎ ይገባል። እናቴ ትሰማለች። ሁለት ያላገቡ እህቶች አሉን። እስሩ ይሁን፣ መባረሩም ይሁን፤ ስሙ ጋዜጣ ላይ አይውጣ ብዬ ተነሣሁ። ሌላው ሁሉ ከእጄ ወጥቶ ስለነበር ይህችን ይዤ ቀረሁ።

ጠበቃዋ፣ ልጅቱ ቃሏን ብትቀይር ነገሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር ብላ አንድ ጊዜ፣ እንደ ዘበት፣ ተናግራለች። እኔ ግን ይዤው ሄድኩ። በማግስቱ ካራንቲና ብቻዬን ገባሁ። ልጅቱ ከሥራ መጥታ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ቴምርና ጭማቂ ይዤላት ነበር፤ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ዞር ዞር አልኩና፣ «እህቴ፣ ምንም አላደረገኝም፣ ተሳስቼ ነው ብትያቸው ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ዕለት ነው ዓይኗን ያየሁት። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች። «ፖሊሱ ምን አደረገሽ ብሎ ጠየቀኝ። ማዳሟ ጠየቀችኝ። እናንተ አራት ሆናችሁ መጣችሁ። ከአራታችሁ አንድ ሰው ምን አደረገሽ ብሎ ጠየቀኝ?»

ቁጣዬ የሚመጣው መልስ ሳጣ ስለሆነ ተቆጣሁ። «እሺ ንገሪኛ! ምን አደረገሽ?» አልኳት።

ነገረችኝ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው። በሩን ከኋላው እንደዘጋ፣ እርጥብ አንሶላ እጇ ላይ እንደነበረ፣ በአንሶላው እንደተከላከለች፣ ያ የመጀመሪያው እንዳልነበረ ነገረችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነም ነገረችኝ። «እህቴን ታውቂያታለሽ አለኝ። አረብኛውን ታነበንበዋለች፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃታል፤ ብትናገሪ አንቺን ነው ወደ አገርሽ የምትሸኝሽ አለኝ። እኔም አውቅሽ ነበር፤ የአክስቴን ልጅ ሐኪም ቤት ወስደሻታል። እውነቱን ነው ብዬ አመንኩት።»

ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ አያለሁ። አመንኳት። አምኛት ሳበቃ ደግሞ በልቤ፣ ይህን ለዳኛው ባትናገር እያልኩ ነበር። ሰው እንዲህ ነው ልበል? እኔ እንዲህ ነኝ። «አፉ በይኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያቺን ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሜ ማውጣት አፈርኩና ቴምሩን ወደሷ ገፋ አድርጌ ወጣሁ።

ወንድሜ ከእስር ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል። በሚቀጥለው ሲደውል «ምን አደረግሃት?» አልኩት። መስመሩ ላይ የሌሎች እስረኞች ድምፅ ይሰማኛል። «አፉ ብላኛለች እኮ» አለ። «አፉ ብላኛለች። ሌላ ምን ትፈልጋለች?» ድምፁ ውስጥ ክፋት ፈለግሁበት፤ አልነበረም። ከልቡ ገርሞት ነው። እኔ እንዳስተማርኩት ነው የመለሰልኝ።

ለጠበቃዋ ልጅቱ ቃሏን እንደማትቀይር ነገርኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም። «ሁሉ ይቅር፤ ጋዜጣዋን ብቻ» አልኳት። ፍርዱ ስምንት ወር እስር፣ መባረር፣ ከነስሙም ማሳተም ሆኖ መጣ። ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። ከፊሉን ለምኜ ስለ አገልግሎቱ ደብዳቤ አጻፍኩ። ለጠበቃዋ የእናቴን ዕድሜ፣ የእህቶቼን ጉዳይ፣ የሠፈራችንን ወግ አስረዳሁ። ትልቁ አባት መጥተው እንዲመሰክሩ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ጉዳዩን ጨርሻለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ጠበቃዋ የምትጽፈውን እያነበበች ስታስረዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ሰማሁ፤ በየመስመሩ «አውቃለሁ» አላልኩም።

ይግባኙ እስሩን አላነሣም፤ መባረሩንም አላነሣም። ማሳተሙን ግን ሠረዘው። ጠበቃዋ ደውላ ስትነግረኝ ፀጉር ቤቱ መካከል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በአሥራ ሰባት ዓመት የጅዳ ኑሮዬ ከመሥሪያ ቤት ይዤ የወጣሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልጅቱ በዚያው ሰሞን ከፊሉ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አስመትቶላት አገሯ ገባች፤ ካሰበችው ሁለት ዓመት ቀድማ። ስልኳ አይሠራም። እኔም አጥብቄ አልፈለግኋትም።

ወንድሜ እስሩን ጨርሶ አሥር ጣቱን ሰጥቶ ተባረረ። እናቴ ከመካ ተመለሰ ብላ በግ አረደች። መኪና ገጭቶ ታስሮ ነው ብያት ነበርና በመፈታቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ዱዓ አስደረገች። እኔም በስልክ አሚን አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ስድስት ወር አለፈ፤ ሥራ አጥቶ ቤት መዋሉን እየነገረችኝ ታለቅስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ራሷ ደወለች። እሷ ስትደውል ሰው ሞቶ ነው፤ ቀልቤ ተገፈፈ። ድምጿ ግን የደስታ ነው።

«አብሽሪ፣ ወንድምሽ ሥራ ያዘ!»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ሥራ?»

«የተማሪ ሰርቪስ። የሴት ተማሪዎቹን መኪና ነው የሚነዳ፤ ከየመንደሩ እየሰበሰበ ያመጣል፣ ማታ ይመልሳል። ባለመኪናው ስንቱን ሾፌር አባርሮ ነው። መካ የኖረ ሰው ነው፣ ታማኝ ነው ብለው፣ ወላጆቹ ራሳቸው ተስማምተው ሰጡት።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነበር። እኒያ ወላጆች ማንን ቢጠይቁ ይነገራቸዋል? መዝገቡ እዚህ ሳዑዲ ነው። ጋዜጣ ላይ የለም። ልጅቱ የት እንዳለች አይታወቅም። እዚያ ድረስ ደውሎ ይህ ሰው ምን እንደሆነ ሊነግራቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የእናቱ ልጅ፣ እኔ ነኝ።

«ምነው ዝም አልሽ? ደስ አላለሽም?» አለች እናቴ።

«ብሎኛል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልነግራት ብዬ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። አንደኛውን ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄያት ዘጋሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ስልኩን ያነሣው እሱ ነው፤ ልጆቹን አድርሶ መመለሱ ነበር፤ «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት።